እትዬ ደብሬ ያረፉበት ሰኞ

ታኅሣሥ 30፣ እሑድ

ከባለቤቴ ከደሴ ጋር ተስማምተናል። ከነገ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ጸጉር ቤቴ ዝግ ይሆናል። «ማይልኝ» አለኝ፤ ማልኩለት። በማን እንደማልኩ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ነገሩ የመጣው በገና ዋዜማ ነው። የንፋስ መውጫ ሴት ሁሉ በዋዜማ ቀን ካልተሠራች በዓሉ የሚቀር ይመስላታል። እኔ ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። የዳኛውን ሚስት ጸጉር በጋለ ፔስትራ እያለሰለስኩ ዓይኔን ጨፈን ባደርግ ጆሯቸውን ነካሁት። ጩኸታቸው አስፓልቱን ተሻገረ። «አዲስ ፔስትራ ስለሆነ ይንሸራተታል» አልኩ። ረዳቴ ሜሮን ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ደሴ ሲሰማ አልሳቀም። «ቆመሽ ተኝተሻል» አለ።

«ጨፈን አደረግሁ እንጂ አልተኛሁም።»

ዛሬ ደግሞ የዘይት ክዳን መክፈት አቅቶኝ ስታገል አየኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ የእጅሽን አንጓ አሳርፊው መባሌን ያን ጊዜ ነገርኩት። የተባልኩት ግን በመስከረም ነው። መቼ እንደሆነ አልጠየቀም።

ደሴ የፊዚክስ መምህር ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤት ይውላል። እኔ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ ላይ ነኝ። አብረን ተቀምጠን እሑድ ምሳ የምንበላው በዐቢይ ጾም ብቻ ነው፤ ያኔ ሠርግ የለማ። ሌላው ሰው ጾሙ ሲገባ ያዝናል፤ የኔ ባል ይደሰታል።

«ሰኞ እኮ አንተ ትምህርት ቤት ነህ። እኔ ብዘጋ ምን ታገኛለህ?» አልኩት።

«እኔማ ምንም። እጅሽ ያገኛል።»

ለዚህ ነው የማልኩት።

ጥር 1፣ ሰኞ

ዘጋሁ።

ጠዋት የጎረቤት ልጅ መጣች፤ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ።» ከዚያ እህቷ። ከዚያ የእህቷ ጓደኛ። ወጥ ቤት ውስጥ ሠራኋቸው። ስምምነታችን የሚናገረው ስለ ጸጉር ቤቱ ነው፤ ስለ ወጥ ቤቱ አንድም ቃል የለበትም።

ማታ ደሴ ወጡ ውስጥ ጸጉር አገኘ።

«የኔ ነው» አልኩት።

ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው። ቀይ ነው።

ጥር 3፣ ረቡዕ

ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ ድረስ ቅዳሜና እሑዶቼ ሁሉ በሙሽራ ተይዘዋል። ሁሉም ጥር ላይ ካላገባሁ ይላል፤ ዓመቱ ሌላ ወር የሌለው ይመስል።

ሴቶቹ ዛሬ «ሜሮን እጇ እንዴት ይቀላል!» ሲሉ ሰማሁ። ስለኔ እጅ ያሉትን አልሰማሁም፤ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ይጮኻል። አንዷ ደግሞ ወንበሬ ባዶ ሆኖ ሳለ «ሜሮንን ልጠብቅ» ብላ ተቀመጠች። ዘመዷ ትሆናለች።

ሜሮን ልንዘጋ ስንል «አንዷን ሙሽራ ብቻዬን ልሥራት» አለችኝ።

«ሙሽራ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም እየቀለድኩ አይደለም።»

የጀመርኩትን ቤት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ብጠፋ እኮ ያ ቤት አለቀለት።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

እትዬ ደብሬ ከስማዳ፣ ከወገዳ ደወሉ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ስትሞት ገና ጥርሴ አላለቀም ነበር፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። «አንቺ ብቻሽን ለስድስት ልጅ የሚበቃ ድካም ነበርሽ» ይላሉ።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ከጥምቀት በኋላ፣ እትዬ።»

«የየትኛው ዓመት ጥምቀት?»

«ሥራ እኮ ነው!»

«ሥራማ እኛስ መቼ ሥራ ፈታን? በሬው እንኳ በዓል ሲሆን ቀንበር ይወርድለታል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ለመሆኑ ትበያለሽ?» አሉኝ። «እበላለሁ» አልኩ፣ አንዲት የሙሽራ እናት ያመጣችልኝን ዳቦ በአንድ እጄ እየጎረስኩ።

ጸጉር ቤቱን ከከፈትኩ ወዲህ ወገዳ ሄጄ አላውቅም ቢባል ሐሰት ነው። አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። የሄድኩባት መኪና ዞራ እስክትመለስ ድረስ ቆይቻለሁ።

ጥር 8፣ ሰኞ

ስምምነቱ ከጥምቀት በኋላ እንዲጀመር ተሻሽሏል። ደሴ በስብሰባው አልተገኘም። በሙሉ ድምፅ አልፏል።

ጥር 10፣ ከተራ

ሹሩባ። ሹሩባ። ሹሩባ። ምሳ በቁሜ። ታቦት ሲወርድ እልልታውን የሰማሁት ከካስኩ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ነው። ደሴ ብቻውን ሄደ። የሀገር ልብሴን ተኩሶ አልጋ ላይ ዘርግቶልኝ ነበር። እንደተዘረጋ አለ። አጥፌ ብመልሰው ያየኛል፤ ባልመልሰውም ያየኛል።

ጥር 14፣ እሑድ

ዛሬ የወይዘሮ መሰረትን ልጅ ቃልኪዳንን ዳርን። ወይዘሮ መሰረት የሰፈራችን እድር የሴቶች ሰብሳቢ ናቸው። በሰፈሩ ማን እንደታመመና ማን ሊሞት እንደሆነ ከባለቤቱ ቀድመው ያውቃሉ። እሳቸው የሚጠሩት ድንኳን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተክሎ ያልቃል።

ቬሎውን ጸጉሯ ላይ ላስር ስል መርፌ ቁልፉ አልገባ አለኝ። ሜሮን ከእጄ ወስዳ አስገባችው። እኔ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት የማይ መስዬ ዞር አልኩ።

ነገ ሰኞ ነው። ነገ ዓለም ቢገለበጥ አልነሣም። ወጥ ቤትም ጭምር ዝግ ነው።

ጥር 15፣ ሰኞ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ጠዋት ስልኬን ሳላጠፋ መተኛቴ ነው ጥፋቱ። ወይዘሮ መሰረት ደወሉ።

«ህይወት፣ ነገ መልስ ነው። ቃልኪዳንን ልኬልሻለሁ፤ ዛሬ አስተካክያት።»

«ዛሬ ዝግ ነው፣ ወይዘሮ መሰረት። እረፍት ላይ ነኝ።»

«ታመምሽ እንዴ?»

«አልታመምኩም።»

«ደሴን አመመው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታርፊው?»

በዚህ ከተማ ሰው የሚያርፈው ሲታመም፣ ሲወልድ፣ ወይም ለቅሶ ሲቀመጥ ነው። አልታመምኩም። አልወለድኩም።

«አክስቴ አርፈዋል» አልኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ ከአፌ ውሸት አልወጣም። እትዬ ደብሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁልጊዜ ጋደም ይላሉ። በዚያ ሰዓት አርፈው ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። ወይዘሮ መሰረት ቃሉን በሌላ ከተረጎሙት እኔ ምን ላድርግ?

«ዋይ! ያቺ የስማዳዋ?»

«የስማዳዋ» አልኩ። ሌላ አክስት የለኝም። ቢኖረኝ እሷን እመርጥ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ!» አሉና ዘጉ። እኔም ስልኬን አጠፋሁ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ብናገር ማንም አያምነኝም። እስኪበቃኝ ተኛሁ። እግሬን ሙቅ ውሃና ጨው ያለበት ሳፋ ውስጥ ከትቼ፣ ቆሎ በጭኔ ይዤ፣ ተከታታይ ፊልም ከፈትኩ። በፊልሙ ውስጥ ያለችውም ሴትዮ ተኝታ ነበር። እንዴት ደስ ትላለች!

ከምሳ በኋላ የውጭው በር ላይ ጩኸት ሰማሁ። በቀዳዳው ሳይ የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ወይዘሮ መሰረት ከፊት ናቸው፤ ደረታቸውን እየመቱ።

ሳፋውን አልጋ ሥር አስገባሁ። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ብዬ ድምፁን ጨመርኩት። በዚያ ዘፈን፣ በዚህ ዋይታ። ገመዱን ከግድግዳ ነቀልኩና በሩን ከፈትኩ። እንቅልፍ ጠግቤ ስለነበር ፊቴ አብጧል።

«እዩት ፊቷን! ብቻዋን ስታለቅስ ነው የዋለች!» አሉ ወይዘሮ መሰረት፤ አንገቴን አቅፈው አነቡ።

ድንኳን ተተከለ። አግዳሚ መጣ። መርዶው የደረሰኝ ከቀብር በኋላ መስሏቸዋል፤ አላረምኳቸውም። ደሴ ጣቶቹ በጠመኔ እንደነጡ ከትምህርት ቤት ሲገባ ግቢው ሞልቷል። «ማን ነው?» አለ፤ ድምፁ ጠፍቶ። እኔን ሲያይ ብቻ ትንፋሹ ተመለሰ። ይህን ሌላ ሰው አላየም።

«የህይወት አክስት ናቸው፣ እትዬ ደብሬ!» አሉት።

አየኝ። አንገቱን ደፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጃኬቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ለሚስቱ አክስት እንዲህ የሚሆን!» አለች አንዷ። እኔ ግን ደሴን አውቀዋለሁ። የሚስቅ ነው።

«ዛሬ በእረፍት ሰዓት አውርተናል» አለኝ በጆሮዬ።

«ከማን ጋር?»

«ከሟች ጋር። ህይወት ስልኳን ለምን ዘጋች ብለዋል።»

ከእሳቸው ጋር እንደሚደዋወሉ አላውቅም ነበር። እዚያው የደሴ ስልክ ጮኸ። ምንጣፉ ላይ፣ በወይዘሮ መሰረት ጉልበት ሥር፣ «እትዬ ደብሬ» የሚል በትልቁ በራ። ወይዘሮ መሰረት አነበቡት። ቀና አሉ።

«ስልካቸውን የያዙት ጎረቤቶቻቸው ናቸው» አለ ደሴ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ባሌ ይህን ያህል ፈጥኖ እንደሚዋሽ አላውቅም ነበር። ወደፊት ልጠነቀቅ ይገባኛል።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

የቃልኪዳን መልስ ተላለፈ። «ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጦ እኛ ከበሮ አንመታም» ብለዋል እናቷ። ቃልኪዳን ራሷ ልታጽናናኝ መጣች። የእሑዱ ጸጉሯ በአንድ ጎን ተጨፍልቋል። እጄን ይዛ «አይዞሽ» አለችኝ። እጄ ሄዶ የተጨፈለቀውን ጎን ያነሣላት ጀመር። የሥራ ልማድ ይሆናል።

ከሰዓት የነፍስ አባቴ አባ ተክለ ሃይማኖት መጡ። መስቀል ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ። ነገ ፍትሐት ላድርስላቸው።»

ወለተ ጊዮርጊስ ነው። እንዴት ይጠፋኛል? ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ ራስጌዬ ቁጭ ብለው ሲጸልዩ ለራሳቸው የሚጠሩት ስም ነው። አፌን ከፈትኩ። ያ ስም ከሙታን ጋር ሲጠራ ታየኝና መልሼ ዘጋሁት።

«ዘነጋሁት፣ አባ።»

«ያሳደጉሽን?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እስከ ዛሬ በዋሸሁት ሁሉ እንደዚያ አላፈርኩም፤ ያፈርኩት ስማቸውን ከውሸቱ ላድን ስል ነው።

«እንግዲህ ከወገዳ ይጠየቃል» አሉ አባ፣ ቀስ ብለው።

«እሱስ ቀላል ነው» አሉ ወይዘሮ መሰረት። «ሐሙስ እኛው እንሄድ የለ። እድሩ ሚኒባስ ተከራይቷል። ለዘመዶቿም እንደርሳለን።»

ደሴ መሳቁን ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

ሰዉ ሲወጣ «አሁን ንገሪያቸው» አለኝ። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። «ነገ የት ሆነሽ?» አለ። «ወገዳ። መጀመሪያ ለእትዬ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ሻንጣዬን አወረደልኝ።

የጸጉር ቤቱን ቁልፍ ለሜሮን ሰጠኋት። ጣቶቼ አልለቅ አሉ፤ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

«የቅዳሜዋ ሙሽራ…» ብዬ ስጀምር፣

«እሠራታለሁ» አለች።

ጥር 17፣ ረቡዕ፣ ወገዳ

መንገዱ ኮረኮንች። ከጤፍ ኩንታልና ከሁለት ዶሮ ጋር። ዶሮዎቹ ከኔ ይሻላሉ፤ ማንንም አልገደሉም።

እትዬ ደብሬ ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ያበጥራሉ። ቀና አላሉም።

«መጣሽ?» አሉ። «ዘገየሽ። ቀብረውኛል።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ከንፋስ መውጫ ገበያ የተመለሰ ነጋዴ ነው ያመጣው። ትናንት ጎረቤታቸው ፈንታው እያለቀሰ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ የከፈቱለት ራሳቸው ናቸው። አማትቦ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጭቃ ውስጥ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ቆይ፣ ይቅርታው ይደርሳል። ሰው መጣ?»

«ግቢው ሞላ።»

«ድንኳን ነበር?»

«ነበር።»

«ማን አለቀሰ?»

«ወይዘሮ መሰረት፣ የእድራችን ሰብሳቢ። ደረታቸውን እየመቱ።»

«እኔን ሳያውቁኝ! ደግ ሴት ናቸው» አሉ። ፊታቸው በራ። አንድ እፍኝ ባቄላ ወደ ላይ ወረወሩ፤ ገለባው ሄደ። «አንቺስ? አለቀስሽ?»

ከሰፌዱ ላይ አንድ ገለባ ለቀምኩ።

«አላለቀስሽም» አሉ። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት።

ያን ጊዜ ግን አለቀስኩ። ለረጅም ጊዜ። ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው ገለባውን ከጸጉሬ ለቀሙልኝ። አሁን ስጽፈውም ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ የባቄላ ገለባ ክፉ ነው።

ነገ ሚኒባስ እንደሚመጣ ስነግራቸው መጀመሪያ ያሉት «ምን ይበላሉ?» ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ደውለው ስህተት ነው፣ የሞተችው ሌላ ደብሬ ናት ቢሉልኝስ?»

«እኔ በገዛ ሞቴ አልዋሽም። ያረፍኩት በአንቺ አፍ ነው፤ የምነሣውም በአንቺ አፍ ነው።»

ጥር 18፣ ሐሙስ

ሆነ።

ሚኒባሷ ከመቆሟ በፊት ዋይታው ተጀመረ። እትዬ ደብሬን «እባክዎ ውስጥ ይቆዩ» ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ሮጬ ከሴቶቹ ፊት ደረስኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ በጣም ጥሩ ንግግር። አንዱም አልመጣልኝም።

«እትዬ ደብሬ አልሞቱም» አልኩ። «ማንም አልሞተም። ደክሞኝ ነው። አንድ ቀን መተኛት ፈልጌ ነው።»

ዋይታው ተቋረጠ። አንዷ እትዬ ደብሬን አይታ «በስመ አብ!» ብላ ወደ መኪናው ተመለሰች።

«ግቡ እንጂ!» አሉ እትዬ። «ለኔ አይደል የመጣችሁት?»

አንዷ ሳቅ አመለጣት። ሌላዋ ተከተለቻት። ወይዘሮ መሰረት ግን አልሳቁም።

«የልጄን መልስ አስተላልፌ!» አሉ። «ነጠላዬን ዘቅዝቄ! የማላውቃቸውን ሰው በስማቸው ጠርቼ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አልልም» አሉና ሄደው የድንጋዩ አጥር ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ።

ሊመለሱ ቢሉ ሹፌሩ በዚያ መንገድ በምሽት አልነዳም አለ። ሊያድሩ ሆነ። እትዬ ደብሬ ፈንታውን አስጠርተው በግ አስጣሉ። «ለተዝካሬ ያሰብኩት ነው» አሉ። «እኔ ሞቼ ሌላ ሰው ከሚበላው በቁሜ ልቅመሰው።»

ሥጋው ሲበስል ለወይዘሮ መሰረት በሳህን ይዤ ሄድኩ። አልተቀበሉኝም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም?» አሉ፣ ወደ ማዶው ተራራ እያዩ።

«ነገርኩዎት እኮ። እረፍት ላይ ነኝ አልኩዎት። ምን ሆነሽ አሉኝ።»

ሳህኑን ከእጄ ወሰዱት። አንድ ቁራጭ ጎረሱ፤ አላመጡት።

«እኔም ለዚህ ሠርግ ሽር ጉድ ስል ከመስቀል ወዲህ በወጉ አልተኛሁም» አሉ። «ደክሞኝ ነበር። ግን የምገድለው ዘመድ አጣሁ።»

ተያየን። ሳቃቸው በአፋቸው ካለው ሥጋ ጋር ታገለ። ከዚያ በመሳቃቸው ተቆጡ።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉ።

«እሺ።»

«ሌላ ቁራጭ አምጪ።»

ጥር 19፣ ዓርብ

የእድሩ ሴቶች ቁርበት ላይ፣ አጎዛ ላይ፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ፀሐይ ግቢውን እስኪሞላ ድረስ ተኙ። የሚቀሰቅስ ባል የለ፣ የሚያለቅስ ልጅ የለ። ወይዘሮ መሰረት ያንኮራፋሉ፤ ይህን ለማንም አልናገርም። ሲነቁ ሁሉም ያፈሩ ይመስሉ ነበር። ሚኒባሷ ስትነሣ አንዷ በመስኮት «እትዬ ደብሬ፣ መቼ ነው ደግሞ የሚሞቱልን?» ብላ ጮኸች።

እኔ ቀረሁ።

እትዬ ደብሬ ሻሻቸውን ፈቱ። «በይ እንግዲህ ሥሪኝ» አሉ።

የከተማውን ሴት ሁሉ ስሠራ የእትዬን ጸጉር ነክቼ አላውቅም። ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ። ቅቤ ቀባሁት። በቀጭኑ ጎነጎንኩት። የሚጠብቅ ሰው የለም፤ የሚጮኽ ካስክ የለም። አንዱን ጉንጉን ጨርሼ አልወደድኩትም፤ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። እንዲህ ያደረግሁት መቼ እንደነበር ትዝ አይለኝም። እጄን አላመመኝም። የስማዳ አየር ነው መቼም።

መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ራሳቸው መዳፌ ላይ ወደቀ። እንዳይነቁ እጄን ሳላነሣ ቆየሁ፤ ጥላው ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ እስኪሄድ ድረስ።

ጥር 22፣ ሰኞ

ትናንት ተመለስኩ። የቅዳሜዋ ሙሽራ ፎቶ በሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ነው። ጥሩ ነው ሜሮን የሠራቻት። በቀኝ በኩል አንድ ዘለላ ትንሽ ያመለጠ መስሎኝ ነበር፤ ሳሰፋው ሆን ተብሎ ነው።

ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። «ብርሃን እንድታገኚ» አለች። ለምን ሳትጠይቂኝ ልላት ነበር። ብርሃኑ ግን እውነትም ጥሩ ነው።

ስለ ድርሻዋ ተነጋገርን። የእሑድ ሙሽሮችን እሷ ትይዛለች፤ እኔ ደግሞ ማክሰኞ እሷ ስታርፍ ብቻዬን እሠራለሁ። ሰኞ ሁለታችንም ዝግ ነን። ደሴ ሲሰማ ሄዶ እሑድ ምሳ የምንበላበትን ጠረጴዛ እግር በምስማር አጠበቀ። ስንት ዓመት ሲወዛወዝ ነበር።

አባ ተክለ ሃይማኖት ሁሉንም ሰምተዋል። በነነዌ ጾም የምሰግደውን ስግደት ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ጺማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከቁጣ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኋቸውም። የእድሩ ቅጣት ደግሞ ቃልኪዳንን ለመልሷ፣ ከቤተሰቧ ሴቶች ሁሉ ጋር፣ በነጻ መሥራት ነው።

ከተማው ግን አልማረኝም። «ሰኞ ዝግ ነው» ስላቸው «ማን ሞቶ?» ይሉኛል።

ጥር 25፣ ሐሙስ

የቃልኪዳን መልስ። ከሜሮን ጋር ሠራናት። ተቀምጬ በላሁ። ከበሮው ሲመታ ደሴ እጄን ይዞ አስነሣኝ። ባሌ እስክስታ አይችልም፤ ፊዚክስ እንደሚያስረዳ ነው ትከሻው። ረስቼው ነበር።

የካቲት 6፣ ሰኞ

ዛሬ ከምሳ በኋላ የውጭው በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ወይዘሮ መሰረት ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያዩ።

«ማንም የለም?»

«ማንም የለም። ምነው?»

ገቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ አልጋዬ ላይ ወጡ።

«ትንሽ ጋደም ልበል» አሉ። «እዚህ ናት እንዳትይ።»

ብርድ ልብሱን ሳለብሳቸው ስልካቸው ጮኸ። ባላቸው ናቸው። ወይዘሮ መሰረት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ህይወት ጋ ነኝ» አሉ። «በጣም አሟታል። ሰውነቷ እሳት ነው። ብቻዋን ትቻት እንዴት ልምጣ? አዎ… አዎ… ሳንባዋን ነው መሰለኝ።»

ዘጉት። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ወይዘሮ መሰረት!» አልኩ።

«ዝም በይ፣ የታመመ ሰው አይናገርም» አሉኝ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

ባላቸው ወሬውን ነዝተው መሆን አለበት፤ አሁን ከውጭ የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል፤ የእንስራ ይሁን የአጥሚት ማሰሮ ክዳን ይንኳኳል። «ጎረቤቶች፣ ህይወት አሟት ኖሯል!» ትላለች አንዷ። ይህን ደብተር ትራሱ ሥር አድርጌ እንደታመመ ሰው ሆኜ መተኛት አለብኝ። ነገ ጠዋት ሥራ ስገባ ደግሞ ትንሽ ማሳል ሊኖርብኝ ነው።